ገንዘብ ከመቀነት ወደ ስልክ፦ ለመምህሩ የሚተርፈው ሥራ



እንደሚታወቀው ሁሉ በዛሬው ጊዜ ከሱቅ ሳሙና ስንገዛም ሆነ ለቤት ኪራይ ስንከፍል «በስልክ ይቻላል?» የሚለውን ጥያቄ ሳንሰማ አንውልም። ታዲያ ይሄ ነገር ከየት መጣ? አሠራሩ እንዴት ነው? ጥቅሙስ ጉዳቱስ ምንድነው? ነገ በየገጠሩ የምንመደበውን እጩ መምህራንስ ምን ይመለከተናል? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች በየተራ እንመለከታለን።

1. ገንዘብ ምን ጊዜም መልኩን ሲለውጥ ኖሯል

ገንዘብ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ወረቀቱ ነው። ታሪካችን ግን ሌላ ይናገራል። ከአፋር ቆላ የሚወጣው አሞሌ ጨው ለብዙ መቶ ዓመታት እንደ ገንዘብ አገልግሏል። በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስም ስለዚሁ ጨው ጽፏል። አሞሌ ከሚወጣበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። ጉድለትም ነበረበት፤ ዝናብ ሲነካው ይሟሟል፣ ሲሰበር ዋጋው ይወርዳል።

ቀጥሎ የመጣው የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ብሩ ግን ይኸው ዓመት እንደተጻፈበት ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ሲመታ ኖሯል። የኛ ሰው ጠገራውን ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር፤ በምስሉ ላይ ያሉትን ፈርጦች አገላብጦ አይቶ፣ ሐሰተኛ አለመሆኑን አረጋግጦ ነው የሚይዘው። አፄ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበትን የራሳቸውን ብር ሲያስመቱም ገበያው በአንድ ጊዜ አልተቀበለውም፤ የለመደውን ጠገራ ለረጅም ጊዜ የሙጥኝ ብሏል።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ በ1937 ዓ.ም.፣ በ1969 ዓ.ም. እና በ2013 ዓ.ም. አዳዲስ የብር ኖቶች ወጥተዋል። ባለ 200 ብሩ የመጣው በዚህ በመጨረሻው ለውጥ ነው።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ቁም ነገር አለ። ሰው አዲስ ገንዘብ የሚቀበለው ስለታዘዘ ብቻ አይደለም፤ መርምሮ ሲያምነው ነው። እንግዲህ የስልኩን ገንዘብ ሰው በምን ይመርምረው? የሚቆጠር ፈርጥ የለው፣ በጣት የሚዳሰስ ወረቀት የለው።

2. ገንዘቡ ስልኩ ውስጥ ነው ወይ?

አይደለም። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

አንዲት እናት ከተማ ለሚማር ልጃቸው 300 ብር ላኩ እንበል። ከስልክ ወደ ስልክ የሚሄድ ብር የለም። ስልኩ የሚልከው ትእዛዝ ነው፤ «ከእኔ ሂሳብ 300 ቀንሰህ በልጄ ሂሳብ ላይ ደምር» የሚል። አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት መጀመሪያ የሚስጥር ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ያረጋግጣል፤ ከዚያ በቂ ገንዘብ መኖሩን ያያል፤ በመጨረሻም በአንዱ ስም ቀንሶ በሌላው ስም ይደምራል። ለሁለቱም ወገን መልእክት ይደርሳቸዋል። ከዚህ ኋላ ያለው እውነተኛ ገንዘብ በባንክ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ስልኩ ቢጠፋ ገንዘቡ አብሮ አይጠፋም፤ የሚስጥር ቁጥሩን ሌላ ሰው ካወቀው ግን ስልኩ ከእጃችን ሳይወጣ ገንዘቡ ሊሄድ ይችላል።

ይህ አሠራር በጎረቤታችን በኬንያ ኤምፔሳ በሚል ስም በ2007 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በሰፊው ተለመደ። በአገራችን ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወደ እኛ ዘንድ መጣ። ባንኮችም የየራሳቸው አገልግሎት አላቸው። በዚሁ በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በአዲስ አበባ፣ በግንቦት ደግሞ በመላ አገሪቱ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ኢንተርኔት የሌለው ተራ ስልክ እንኳ ኮከብና መሰላል ያለበትን አጭር ቁጥር በመደወል ይሠራል። ስለዚህ ጉዳዩ የከተሜ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

3. ጥቅሙ

አንደኛ፣ መንገድ ያሳጥራል። 300 ብር ለመላክ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ መሄድ ወይም የሚታመን መንገደኛ መጠበቅ ቀርቷል። ሁለተኛ፣ ገበያ ውለው የሚመለሱ ሰዎች ገንዘብ በመቀነት ቋጥረው በጨለማ መንገድ ከሚመጣ ስጋት ይድናሉ። ሦስተኛ፣ «ዝርዝር የለኝም» የሚባለው ጭቅጭቅ ይቀራል። አራተኛ፣ እያንዳንዱ ክፍያ ተመዝግቦ ይቀራል።

የዚህን የአራተኛውን ክብደት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አይተናል። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በአንድ ሌሊት በደረሰ ችግር ብዙ ሰዎች፣ ከነዚህም ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሂሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ላይ አወጡ፣ ላኩም። «ማን ያየናል» ያለ አይጠፋም። ነገር ግን እያንዳንዷ ዝውውር ከነስሟና ከነሰዓቷ ተመዝግባ ስለነበረች ባንኩ አብዛኛውን ገንዘብ አስመልሷል። ከዚህ የምንማረው፣ በዚህ አሠራር ደግም ሆነ ክፉ ሥራ ተጽፎ እንደሚቀር ነው።

4. ችግሩ

መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ፣ «ሲስተም የለም» ሲባል ገንዘብ እያለን ባዶ እጃችንን እንቆማለን። ይሁን እንጂ በኛ አስተያየት ትልቁ ችግር ይሄ አይደለም። ትልቁ ችግር የማንበብ ጉዳይ ነው።

ፊደል ያልቆጠሩ እናት ገበያ ላይ ማንም አያታልላቸውም። ብሩን በቀለሙና በሥዕሉ ለይተው፣ መልሱን በጣታቸው ቆጥረው ነው የሚቀበሉት። በገንዘባቸው ላይ ራሳቸው አዛዥ ናቸው። ያው እናት ስልክ ሲይዙ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። መልእክቱን የሚያነብላቸው ልጅ ይፈልጋሉ፤ የሚስጥር ቁጥሩን ለጎረቤት ወይም ለባለሱቁ ይነግራሉ። ያን ጊዜ ስንት እንዳላቸው፣ ለማን እንደላኩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከመቀነታቸው የማይወጣው ምስጢር በሰው አፍ ይገባል። ሂሳቡ በስማቸው ነው፤ አዛዡ ግን ሌላ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር ማታለል ነው። ደዋዩ «ከድርጅቱ ነው የምደውለው፣ ሽልማት ደርስዎታል፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ይላል። ሌላው ደግሞ ለነጋዴ የሐሰት የክፍያ ማስረጃ አሳይቶ ዕቃ ይዞ ይሄዳል።

5. መምህሩ ምን ያድርግ?

አንዳንዶች «ይሄ የባንክ ሥራ ነው፣ መምህርን ምን አገባው» ይላሉ። እኛ ግን አንስማማም። በብዙ ቀበሌ ወላጆች መልእክት ለማስነበብ መጀመሪያ የሚመጡት ወደ መምህሩ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን እናስብባቸው።

ሀ. ቁጥር ማንበብ። በመልእክቱ ላይ «ቀሪ ሂሳብዎ 947.00 ብር» ተብሎ ይመጣል። ነጥቧን ያላስተዋለ ሰው ይህን ዘጠና አራት ሺህ ሰባት መቶ ብሎ ሊያነበው ይችላል። የአስርዮሽ ነጥብ በሰሌዳ ላይ ብቻ የሚቀር ትምህርት እንዳይሆን ከዚህ ዓይነት መልእክት ተነስተን እናስተምር።

ለ. ምስጢር መጠበቅ። የሚስጥር ቁጥር ለባንክ ሠራተኛም፣ ለዘመድም፣ ለመምህሩም አይነገርም። ወላጅ በየዋህነት ሊነግሩን ሲጀምሩ «አይንገሩኝ እማማ፣ እርስዎ ራስዎ ይንኩት፣ እኔ ዘወር እላለሁ» ማለትን እንልመድ። ነክተንላቸው ብንሄድ ለአንድ ቀን ረዳናቸው ማለት ነው፤ ብናስተምራቸው ግን ለዘለቄታው ነው።

ሐ. ማረጋገጥ። የሰው ስልክ ላይ የሚታይ ማስረጃ አይበቃም። ሻጭ ገንዘቡ በራሱ ሂሳብ መግባቱን ማየት አለበት። አያቶቻችን የጠገራውን ፈርጥ ይመረምሩ እንደነበር ሁሉ የዛሬው ሰው የሚመረምረው ይህን ነው።

መ. ጥሬ ገንዘብን አለመናቅ። በስልክ መክፈል ሥልጣኔ፣ በብር መክፈል ኋላ ቀርነት ነው የሚል አነጋገር ከክፍላችን ይውጣ። ማንበብ ያልቻለ ሰው የሚያዝበት ገንዘብ እስኪያገኝ ድረስ ብሩ መከበር አለበት።

በጠቅላላው፣ ለውጡ እኛ ወደድንም ጠላንም እየሄደ ነው። ጥያቄው ሁሉም ሰው በገንዘቡ ላይ አዛዥ ሆኖ ይሻገራል ወይስ ገሚሱ በሰው እጅ ይሻገራል ነው። ለዚህ መልስ ከሚሰጡት አንዱ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አንዲት እናት 1,250.00 ብር ነበራቸው። 300 ብር ላኩ፣ 3 ብር የአገልግሎት ተቆረጠ። ቀሪው ስንት ነው? ይህን ለ4ኛ ክፍል ተማሪዎች በምን መርጃ መሣሪያ ታስተምራላችሁ?

2. አንድ ተማሪ የአያቱን የሚስጥር ቁጥር እንደሚያውቅ በኩራት ቢነግራችሁ ምን ትሉታላችሁ? ለአያቱስ?

3. የቀበሌው ሰው በሙሉ በስልክ ብቻ ይክፈል ቢባል ማን ይጠቀማል፣ ማንስ ይቸገራል?