ምዕራፍ ስድስት፤ በመቅሠፍት ዘመን የአሠሪው ግዴታና የሕግ መጠጊያው

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን በመታ ጊዜ፣ የቀን ሙያተኛው ከአልጋ ቢውል ወይም ጌታው ደጁን ቢዘጋ ደሞዙ ምን እንደሚሆን የሚናገር የሥራ ሕግ ስላልነበረ፣ ድኻው ከፈጣሪው ምሕረትና ከጎረቤቱ ርኅራኄ በቀር የሚጠጋበት አልነበረውም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና ተሐዋሲ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር ግን፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወጣ ገና ዓመት ሳይሞላው፣ ሁለቱ ወገኖች በመከራ ቀን የሚተሳሰሩበት ሥርዓት አስቀድሞ ተጽፎ ቆይቶ ነበር። በዚያው ወር በ30ኛው ቀን የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ የሕዝብን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ሲከሰት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 በሚሰጠው ሥልጣን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ ይህን ተከትሎ የወጣው ደንብ ቁጥር 466/2012ም የግል አሠሪዎች ከተፈቀደው ሥርዓት ውጭ ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ከለከለ። የዚያ አዋጅ ዘመን አልፏል፤ አዋጅ 1156 ግን መደበኛ ሕግ ስለሆነ፣ ሌላ ብድብድ ቢነሣ አሠሪው አስቀድሞ የሚፈልገው እርሱን ነው።

ብዙ ነጋዴዎች ወረርሽኝ መጣ ማለት ብቻውን ከግዴታ ሁሉ ነጻ የሚያወጣ ይመስላቸዋል። ይህ እጅግ የሚጎዳ ስሕተት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው፣ ባለዕዳው አስቀድሞ ሊገምተው የማይችለውን፣ ግዴታውንም እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚከለክለውን ነገር ነው፤ ሥራው እንዳይሠራ በመንግሥት መከልከሉን ቁጥር 1793 ከዚህ ይቈጥረዋል፤ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መወደዱን ግን ቁጥር 1794 አይቀበለውም። እንግዲህ አርባ ሠራተኞች ያሉት አንድ የሆቴል ባለቤት ቤቱ በትእዛዝ ቢዘጋበት፣ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ገጠመኝ ቢል ያስኬደዋል፤ ደጁ ክፍት ሆኖ ሳለ እንግዳ በፍርሃት ስለቀረበት ብቻ ግን ይህን ቃል ይዞ ቢቀርብ ክርክሩ ይደክምበታል። ለእንዲህ ያለው ሰው የተዘጋጀው በር ሌላ ነው፤ ይኸውም የአዋጅ 1156 አንቀጽ 18፣ በአሠሪው ጥፋት ያልመጣና ሊታሰብ ያልቻለ የገንዘብ ችግር ሥራውን ከዐሥር ተከታታይ ቀናት ላላነሰ ጊዜ የሚያስቋርጥ ሲሆን፣ የሥራ ውሉ ሳይፈርስ መብትና ግዴታው እንዲታገድ የሚፈቅደው ነው።

በዚህ በር የሚገባ ሁሉ ግን ወረቀቱን በቀኑ ማቅረብ አለበት። ምክንያቱ በተፈጠረ በሦስት ቀን ውስጥ ጉዳዩ ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይነገራል፤ ባለሥልጣኑም በሦስት ቀን መልስ ካልሰጠ እንደ ተፈቀደ ይቈጠራል፤ ፈቃዱ ግን ከዘጠና ቀን አይበልጥም። ደብዳቤው የድርጅቱን ስም፣ የሠራተኞቹን ብዛት፣ ሥራው የቆመበትን ቀንና ምክንያቱን፣ ከተቻለም የገቢውን ማሽቆልቆል የሚያሳይ የሂሳብ መግለጫ ይያዝ፤ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ መዝገብ ቤት በቀሪው ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም ያሳርፍበት፤ ይህች አንዲት ገጽ በኋላ በፍርድ ቤት ከብዙ ምስክር ትበልጣለች። ዝም ብሎ በሩን የዘጋ አሠሪ፣ ሠራተኛው ለመሥራት ተዘጋጅቶ ሳለ በእርሱ ባልሆነ ምክንያት ሥራ ከታጎለ ደሞዙ እንደሚከፈለው አንቀጽ 54 ስለሚደነግግ፣ የዘጋባቸውን ቀናት ዋጋ ይጠየቃል።

እኔ ግን እገዳ እንኳ የመጀመሪያው መፍትሔ እንዲሆን አልመክርም። ሠራተኛው ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ ካለው፣ ሥራው በፈረቃ ሊከፈል ከቻለ፣ ወይም ሁለቱ ወገኖች ደሞዙን ለጊዜው ለመቀነስ በጽሑፍ ከተስማሙ፣ በዚህ መንገድ መጓዙ ለርትዕ የቀረበ ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ብቻ ደሞዝ መቀነስ ግን ሕገ ወጥ ነው። የታመመ ሠራተኛም የሐኪም ማስረጃ ካቀረበ፣ ለመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዙን፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት እኩሌታውን ያገኛል፤ ከዚያ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው፤ በእነዚህ ወራት ሁሉ የሥራ ቦታው ይጠበቅለታል።

ሌላው ሁሉ ተሞክሮ አልሆን ካለና ቅነሳ ግድ ከሆነ፣ ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮች ጋር መምከር የሕግ ግዴታ ነው፤ በችሎታና በምርታማነት የሚበልጡትም ሠራተኞች በቅድሚያ ይቆያሉ። ወጪውን አስቀድሞ ማስላት ይበጃል። ዘጠኝ ሺህ ብር የሚከፈለው፣ አራት ዓመት ያገለገለ ሰው ቢቀነስ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር፣ ለቀሩት ሦስት ዓመታት የየዓመቱ ሲሶ ሲደመር የሁለት ወር ስንብት ክፍያ ይሆናል፤ ስለ ቅነሳው የስድሳ ቀን ደሞዝ ሲጨመርበት ሠላሳ ስድስት ሺህ ብር ገደማ ይደርሳል። ይህን ገንዘብ ከእገዳው ወራት ወጪ ጋር ሳያስተያይ የሚያሰናብት አሠሪ ሠራተኛውን ብቻ ሳይሆን ድርጅቱንም ይጎዳል።

እገዳው ያለቀ እንደ ሆነ ሠራተኛው በሚቀጥለው የሥራ ቀን ለሥራ መቅረብ፣ አሠሪውም በቀድሞ ቦታውና ደሞዙ መመለስ ይገባዋል፤ ስለዚህ እገዳውን የሚያስታውቀው ጽሑፍ የመመለሻውን ቀን በግልጥ ይያዝ፣ ለእያንዳንዱም ሠራተኛ በእጁ ተሰጥቶ ይፈረምበት።