የራስ ተፈሪ ቤት በሐረር፤ ለጐብኚዎች የተሰጠ ትምህርት

ወደ ጀጎል ግንብ የሚገባ ሰው ሁለት ዓይነት የቤት አሠራር ያያል። አንደኛው ጌይ ጋር የሚባለው የሐረሪ ቤት ነው። ከውጭ ሲያዩት ባዶ ግድግዳ ይመስላል፤ ከውስጥ ግን በቀይ አፈር የተለቀለቁ፣ ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች አሉት፤ በእነርሱም ላይ ሰው እንደ ዕድሜውና እንደ ማዕረጉ ይቀመጣል። ሁለተኛው፣ ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ እጅ ከገባች ወዲህ የተሠራው፣ ሰገነትና የተቀረጸ እንጨት ያለበት ፎቅ ቤት ነው። የሕንድ አገር አሠራር የሚታይበት የራስ ተፈሪ ቤት ከዚህ ወገን ነው። ስሙን ያገኘው ከ1902 እስከ 1908 ዓ.ም. ሐረርጌን ካስተዳደሩት ከደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ነው።

ዛሬ በሹሙ ቤት የተገዢዎቹ ዕቃ ተቀምጦበታል። ነገሩ ደስ የሚያሰኘውም በዚህ ነው። አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የተባሉ የከተማው ተወላጅ በግል ድካማቸው የሰበሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች፣ የአሚሮቹ ገንዘብ፣ ጌጣጌጥ፣ ልብስ፣ የጦር መሣሪያና በድምፅ የተቀረጹ ዘፈኖች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2007 ጀምሮ በዚሁ ቤት ለሕዝብ ይታያሉ።

ጐብኚው ከሁሉ አብልጦ በመጻሕፍቱ ዘንድ ይቆይ። ሐረር ቁርኣን የሚገለበጥባትና የሚጠረዝባት ከተማ ነበረች፤ የጥረዛው ሙያ ግን ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። አቶ አብዱላሂ አሮጌዎቹን ጥራዞች እየመረመሩ ሙያውን መልሰው አነሡት። የቆዳ መሸፈኛው የተጌጠበትን ማኅተም አስተውሎ ማየት ይገባል፤ በእጅ መንካት ግን አይገባም፤ የእጅ ወዝ ወረቀትን ይጐዳልና።

ዕቃ ከነታሪኩ ካልተመዘገበ ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። አንድ አምባር ከየትኛው ቤት እንደ መጣ፣ ለየትኛው ሠርግ እንደ ተሠራ ካልተጻፈ ብር ብቻ ሆኖ ይቀራል። የአያቱን መጽሐፍ በሳጥን ቈልፎ ለምስጥ የዳረገ፣ ወይም ለመንገደኛ በርካሽ የሸጠ ሰው ከእኛም መካከል አይታጣም።

ስለዚህ መምህራን ተማሪዎችን በጥቂት በጥቂቱ ከፍለው ያስገቡ፤ የቀበሌ ሹማምንትም ሽማግሌዎችን አብረው ይጋብዙ፤ የዕቃውን ስምና አገልግሎት የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። በቤቱ አሮጌ ጽሑፍ ያለው ሰው የተቀደደውን በፕላስተር አይለጥፍ፤ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ ከእርጥበትና ከፀሐይ ያርቀው፤ የባለቤቱንም ስም በሌላ ወረቀት ጽፎ ከጐኑ ያስቀምጥ።