የመምህሩን ድምፅ ማቆየት፦ ታብሌት በዜማ አገልግሎትና በቀረጻ ሥራ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ደብር የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ታብሌት ገዙ። ያሰቡት መልካም ነበር፤ ዕድሜያቸው ሰማንያን የተሻገረውን የደብሩን የድጓ መምህር ድምፅ ቀርጸው ለተተኪ ደቀ መዛሙርት ለማቆየት ነው። መሪጌታው ፈቃዳቸውን ሰጡ። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ኅዳር ድረስ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው፣ ሲደክማቸው ውኃ እየተጎነጩ፣ የበዓላቱን ዜማ አንድ በአንድ አዜሙላቸው። ቀረጻዎቹ በታብሌቱ ውስጥ «ቀረጻ 1»፣ «ቀረጻ 2» በሚል ስም ብቻ ተከማቹ። በጥር ወር የጥምቀትን በዓል በቪዲዮ ለማንሣት ሲሞከር መሣሪያው ቦታ እንደ ሞላበት አሳወቀ፤ አንድ ወጣትም ምንነታቸውን ያላወቃቸውን ፋይሎች ደመሰሰ። መሪጌታው በዚያው ዓመት በዐቢይ ጾም ዐረፉ።

ሌላ ቅጂ አልነበረም። ቆይቶ ከአንድ ልጅ ስልክ ውስጥ ሰባት ፋይሎች ተገኙ፤ በአራቱ ላይ የቆርቆሮውን ጣሪያ የሚደበድበው ዝናብ ከመምህሩ ድምፅ በልጦ ይሰማል። ይህን የምጽፈው እኔም ከአማካሪዎቹ አንዱ ስለ ነበርሁ ነው። በወቅቱ ስለ ማይክሮፎን ብዙ ተናግሬአለሁ፤ ስለ ስያሜና ስለ ቅጂ ግን አንድም ቃል አላነሣሁም።

ታብሌት ዛሬ በብዙ አጥቢያዎች እጅ ገብቷል፤ ያልገባበትም አጥቢያ ለመግዛት እየተነጋገረ ይሆናል። መሣሪያው ለዜማ አገልግሎት እውነተኛ ጥቅም አለው። ጥቅሙ የሚገኘው ግን ኃላፊነቱን የሚሸከም ሰው ሲመደብለትና የሚቀረጸው ነገር ምን እንደሆነ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው።

ምልክቱ ያለ ድምፅ

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የተነሣው ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተባሉት ሦስት የዜማ ዓይነቶች ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን አውርሶናል። እንደ ሊቃውንቱ ትውፊት የዜማው ምልክት የተደራጀው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ነው። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት፣ ከእነርሱም ጋር ድርስና አንብር፣ ዛሬም በብራናውና በታተመው ድጓ ላይ ይታያሉ። በተጨማሪም ከነባር ዜማ ቃላት የተወሰዱ አጫጭር ፊደላት በመስመሮቹ መካከል በቀይና በጥቁር ቀለም ተጽፈው ይገኛሉ።

እነዚህ ምልክቶች አስቀድሞ በጆሮው ለሰማና በቃሉ ላጠና ሰው ማስታወሻ ናቸው። ርክርክ ያለበትን ቦታ ያሳያሉ፤ የዚያን መምህር ርክርክ ስፋትና ልስላሴ ግን አያሰሙም። ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ዓመታት የሚያሳልፈው በዚህ ምክንያት ነው። በቤተ ልሔም፣ በአጫብርና በቆማ የዜማ ቤቶች መካከል ያለውም ልዩነት በአብዛኛው በድምፅ የሚኖር ነው፤ ቃሉ አንድ ሆኖ አካሄዱ ይለያያል። ስለዚህ የአንድ አረጋዊ መምህር ዕረፍት የአንድን ዜማ ቤት አካሄድ ከአካባቢው ሊያጠፋው ይችላል፤ በተለይም ዝማሬና መዋሥዕትን የመሰለው፣ የሚያስተምሩት መምህራን ቁጥር አነስተኛ የሆነው ትምህርት።

የብራና መጻሕፍቶቻችን የተሻለ ዕድል ገጥሟቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 በቤተ ክርስቲያናችንና በአሜሪካ ተቋማት ትብብር የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎችን ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ለእያንዳንዱ ተራ ቁጥር ሰጥቶ መዝግቧል። ተመራማሪ ዛሬ አንዱን መጽሐፍ በቁጥሩ ጠርቶ ማግኘት የሚችለው በዚያ ምዝገባ ነው። ለድምፅም ይህንኑ መንገድ መከተል ይገባናል፤ ለዚህም እንደ ያን ጊዜ ታላቅ መሣሪያ አያስፈልግም።

ቀረጻው የሚከናወንበት ስፍራና መሣሪያ

ብዙ ሰበካ ጉባኤያት ገንዘቡን ሁሉ በታብሌቱ ላይ ያውሉታል። በእኔ አስተያየት ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። አስቀድሞ አንድ ጥሩ ማይክሮፎንና ማቆሚያው፣ ቀጥሎ ሁለት ሀርድ ዲስክ፣ በመጨረሻ ታብሌቱ። በአጥቢያው ያገለገለ ታብሌት ወይም ደኅና ስልክ ካለ እርሱ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል።

በመሣሪያው ውስጥ ያለው ማይክሮፎን ለንግግር የተሠራ ነው። ከእርሱ ጋር የሚመጣው ተራ የመቅረጫ ፕሮግራም ደግሞ ዝቅ ያለውን ድምፅ በራሱ ከፍ፣ ከፍ ያለውንም በራሱ ዝቅ ያደርጋል። መምህሩ በቀስታ ጀምረው ወደ ላይ ሲያወጡት የዜማው ከፍታና ዝቅታ በዚህ ምክንያት ተደልድሎ ይቀራል፤ ባዜሙበት ዝምታ መካከልም የክፍሉ ጫጫታ እየጎላ ይመጣል። የድምፁን መጠን በእጅ ለመወሰን የሚያስችሉ ፕሮግራሞች ይመረጣሉ። በዩ ኤስ ቢ የሚገናኝ ማይክሮፎን ወይም ሳውንድ ካርድ ሲገዛ ከታብሌቱ ጋር የሚሠራ መሆኑን ሱቁ ውስጥ ሞክሮ ማረጋገጥ ይገባል፤ ለኮምፒዩተር የተሠሩ አንዳንድ ሳውንድ ካርዶች ከታብሌት የሚያገኙት ኃይል ስለማይበቃቸው ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ምንጭ ይፈልጋሉ።

ቀረጻው በዌቭ ዓይነት ፋይል፣ በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ይሁን። የድምፅ ቤተ መዛግብት ባለሙያዎች ለጥበቃ ቢያንስ ይህን መጠን ይመክራሉ። በአንድ ማይክሮፎን የተቀረጸ አንድ ሰዓት 520 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ 50 ሰዓት ደግሞ 26 ጊጋባይት ገደማ ማለት ነው። ኤም ፒ ስሪ ቦታ ይቆጥባል፤ የሚቆጥበው ግን ከድምፁ ቀንሶ ስለሆነ ለማሰራጫ እንጂ ለማቆያ አይሆንም።

ስለ ስፍራው አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን ስቱዲዮ ስንል የከተማውን ክፍል እናስባለን። የአብነት ተማሪዎች የሚኖሩበት የሣር ክዳን ጎጆ ግን ብዙ ገንዘብ ከወጣበት የቆርቆሮ አዳራሽ የተሻለ የመቅረጫ ክፍል ነው። ሣሩና ጭቃው ድምፅን ይመጥጣሉ፤ ቆርቆሮና ሲሚንቶ መልሰው ይወረውሩታል። ጎጆ በሌለበት ምንጣፍ የተነጠፈበትና መጋረጃ የተጋረደበት ትንሽ ክፍል ይበቃል። ማይክሮፎኑ ከመምህሩ አፍ አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፤ ትንሽም ወደ ጎን ይበል። እስከ መጨረሻው ከፍታቸው እንዲያዜሙ ከተለመኑ በኋላ የድምፁ ጣሪያ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲሆን ይስተካከል። የስልክ ጥሪና መልእክት እንዳያቋርጥ ታብሌቱ በአውሮፕላን ሁነታ ላይ ይደረግ። ፀሐይ ላይም አይቀመጥ፤ አምራቹ ለአይፓድ የወሰነው የሥራ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይበልጥም፤ ቆላ ባሉ አጥቢያዎች ይህ በቀላሉ ይታለፋል።

ማኅሌትን መቅረጽ ከዚህ ይከብዳል። ቁም ዜማው በመምህሩ ድምፅ ይሰማል፤ ወደ ዝማሜ፣ ከዚያም ወደ መረግድና ወደ ጽፋት ሲደርስ ከበሮው ሁሉን ይውጣል። የጸናጽሉም ድምፅ ስለታም ነው። ማይክሮፎኑ ከበሮ መቺው አጠገብ ከቆመ መሪውም ተመሪውም አይሰሙም። ከመሪዎቹ በኩል፣ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ ቢሰቀልና መጠኑ በቁም ዜማው ሳይሆን በጽፋቱ ጩኸት ቢለካ ይሻላል። የአስተዳዳሪው ፈቃድ ሳይገኝ፣ በቅዳሴም ጊዜ ልዑካኑን በሚያውክ መልኩ፣ ምንም ሽቦ መዘርጋት አይገባም።

የመዝሙር ሥራና የማስተካከያው ፈተና

ለመዝሙር ክፍል ታብሌት ትንሽ ስቱዲዮ ሆኖ ያገለግላል። በገና፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና የመዘምራኑ ድምፅ ለየብቻ በየትራኩ ይቀረጻሉ፤ ርቀው የሚኖሩ መዘምራን ልምምዱን በየቤታቸው ያዳምጡታል። በቀረጻ ጊዜ የብሉቱዝ ማዳመጫ መጠቀም አይገባም፤ ድምፁን አዘግይቶ ስለሚያደርስ ዘማሪው ሳያውቀው ከመሣሪያው ኋላ ይቀራል። ባለ ሽቦ ማዳመጫ ይህ ችግር የለበትም።

ከባዱ ፈተና ከቀረጻ በኋላ የሚመጣው ነው። አውቶ ቲዩን የሚባለው ማስተካከያ በተለመደው አሠራሩ እያንዳንዱን ድምፅ በፒያኖ ላይ ወዳሉት 12 እኩል ደረጃዎች ወደ ቅርቡ ይስባል። የያሬዳዊ ዜማ መንገድ በእነዚያ ደረጃዎች መካከል ያልፋል፤ ርክርኩ በአንድ ደረጃ ላይ ሲቆም ርክርክነቱ ይቀራል። ምቱን በእኩል ክፍተት የሚደለድለው ማስተካከያም እንዲሁ ነው፤ እየተፋጠነ የሚሄደውን መረግድ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ያደርገዋል። ወጣቱ ባለሙያ ይህን የሚያደርገው ለማሳመር ብሎ እንጂ በክፋት አይደለም። ጆሮው በሌላ ሙዚቃ ስለሠለጠነ የመምህሩ ድምፅ የሳተ ይመስለዋል። በመሆኑም ከቀረጻ ክፍል አንድ ዜማ የሚያውቅ ሊቅ ሊለይ አይገባውም፤ የመጀመሪያው ፋይልም ፈጽሞ ሳይነካ ተቀምጦ፣ ማናቸውም ማስተካከያ በቅጂው ላይ ይደረግ።

በውጭ አገር ባሉ አጥቢያዎች ታብሌትና ስክሪን ሌላ አገልግሎት አላቸው። ግዕዝም አማርኛም በማያነቡ ልጆች ፊት ቅዳሴው በሦስት ቋንቋ በስክሪን ይቀርባል፤ ምእመኑም ተሰጥኦውን ይመልሳል። ይህ የሚደገፍ ነው። ነገር ግን አገልጋዩ ራሱ ዜማውን ከስክሪን ብቻ መከተል ሲለምድ የቃል ጥናቱ ይሳሳል፤ ባትሪው ያለቀ ዕለት የሚሆነውን አይቻለሁ። የተቀረጸ ድምፅ ለተማሪው ከመምህሩ ፊት በሌለበት ሰዓት መከለሻ ነው፤ ሲሳሳት ግን «ተመለስ» የሚለው መምህሩ ብቻ ነው።

ስም፣ ቅጂና መዝገብ

ከተረፉት ሰባት ፋይሎች ውስጥ ሦስቱን የለዩልን የመሪጌታው የቀድሞ ደቀ መዝሙር ናቸው። ሁለቱ የጽጌ፣ አንዱ የኅዳር ሚካኤል ሆነው ተገኙ። ዝናብ ያለባቸውን ለመለየት ሁለት ቀን አዳመጡ፤ አልቻሉም።

ይህ እንዳይደገም እያንዳንዱ ቀረጻ በቃል ማስታወቂያ ይጀመር። ቀረጻውን የሚመራው ሰው ቀኑን፣ ቦታውን፣ የመምህሩን ሙሉ ስምና የተማሩበትን ዜማ ቤት፣ የመጽሐፉን ስም፣ በዓሉንና የዜማውን ዓይነት በማይክሮፎኑ ይናገር። የፋይሉ ስም ቢጠፋ እንኳ ድምፁ ራሱን ይናገራል። በዚያው ምሽት ፋይሉ ስም ይሰጠውና ሦስት ቅጂ ይኑረው፤ አንዱ በታብሌቱ፣ ሁለተኛው በሀርድ ዲስክ በደብሩ መዝገብ ቤት፣ ሦስተኛው በሌላ ሀርድ ዲስክ ከደብሩ ውጭ፣ ለምሳሌ በወረዳ ቤተ ክህነቱ። ፍላሽ ለማጓጓዣ እንጂ ለማቆያ አይታመንም። ሀርድ ዲስኮቹም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ተከፍተው ይፈተሹ። ዝርዝሩ በተራ ቁጥር በወረቀት መዝገብ ይጻፍ፤ መብራት ባይኖርም ይነበባል።

ታብሌቱ በንብረት መዝገብ ገብቶ በፊርማ ይሰጥ፤ ሲመለስም በፊርማ ይመለስ። በብዙ ቦታ የሚታየው ችግር መሣሪያው በአንድ ወጣት የግል ኢሜይል መከፈቱ ነው። ልጁ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ወይም ወደ ከተማ ሲሄድ ይለፍ ቃሉ አብሮት ይሄዳል። ኢሜይሉ በአጥቢያው ስም ይከፈት፤ ይለፍ ቃሉም በታሸገ ፖስታ በሊቀ መንበሩ እጅ ይቀመጥ።

ከመምህሩም ጋር የጽሑፍ ስምምነት ይደረግ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም መብት ይሰጣል፤ ከአዋጁም በፊት ክብራቸው አለ። አንዳንድ መምህራን ለተማሪ የሰጡት ትምህርት በዩቲዩብ እንዲወጣ አይሹም። በስምምነቱ ውስጥ ለማስተማሪያ፣ ለስርጭትና ለሽያጭ የሰጡት ፈቃድ ተለይቶ ይጻፍ፤ ገቢ ከተገኘም ድርሻቸው ይወሰን። ለቀረጻ የሚያውሉት ጊዜ ከማስተማሪያቸውና ከማረፊያቸው ተቀንሶ ነውና አበል ይመደብላቸው። ብዙ የድጓ መምህራን በምን እንደሚኖሩ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ጊዜውን በተመለከተ ከመስቀል በኋላ መጀመር ዝናቡን ያስቀራል። ከመምህራኑ ሁሉ አስቀድሞ በዕድሜ የገፉት፣ ከትምህርቱም ሌላ ሰው የማያውቀው ይቀረጽ። በአንድ ቀን ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ይሁን፤ አረጋውያን ሲደክማቸው አይናገሩም፤ ድምፃቸው ግን ይናገራል።