ፊደልና ጥላ፤ ንባብና የተፈጥሮ ሳይንስ በአንድነት ስለሚሰጡበት አኳኋን

ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው በጥንቱ መንገድ ላይ፥ በሁለቱ ከተሞች መካከል፥ ባሕራ የምትባል ከተማ አለች። በቀድሞ ዘመን በግመል የሚጓዙ መንገደኞች ያርፉባት ነበር። በዚህች ከተማ በየዓመቱ ግንቦት 20 እና ሐምሌ 9 ቀን ገደማ፥ በቀትር ጊዜ፥ በሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ የተተከለ ዘንግ ጥላ አይኖረውም፤ ፀሐይ በአናቱ ላይ ትቆማለችና። በመካም እንዲሁ ስለሚሆን፥ በሩቅ አገር ያሉ ሙስሊሞች በእነዚህ ቀኖች የዘንግ ጥላ አይተው የመካን አቅጣጫ ያቀኑበታል። በዚያው በግንቦት 20 ቀን በጎንደር ከተማ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ቢተከል ግን 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ይኖረዋል፤ ጥላውም የሚወድቀው ወደ ሰሜን ሳይሆን ወደ ደቡብ ነው።

ይህ ነገር ለሕፃናት መምህር ምን ይጠቅመዋል? የሚጠቅመው እንደሚከተለው ነው። «በቀትር ጊዜ ጥላ አይኖርም» የሚል ቃል በብዙ ክፍል ውስጥ ይነገራል፤ ልጆችም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ በቃላቸው ይይዙታል። እንግዲህ ይህን ቃል አጥርቶ ያነበበ ሕፃን በታኅሣሥ ወር በቀትር ወደ ሜዳ ወጥቶ ጥላውን ከፊቱ ተዘርግቶ ቢያየው፥ ተመልሶም መምህሩን ቢጠይቅ፥ ከሁለት መልስ አንዱን ያገኛል። አንዱ መምህር «የተጻፈው እንደዚህ ነው፤ ተቀመጥ» ይለዋል፤ በዚያች ሰዓት ሕፃኑ ንባብ ማለት ከሚታየው ነገር ጋር የማይገናኝ ድምፅ ነው ብሎ ይደመድማል። ሁለተኛው መምህር ዘንግ አንሥቶ «ና፥ እንለካው» ይለዋል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሁለተኛው መምህር ነው።

የመምህራኑ ችግር የታወቀ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ፥ በመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች አንድ መምህር ብዙውን ትምህርት ብቻውን ሲያስተምር ቈይቷል፤ የተፈጥሮው ትምህርትም «አካባቢ ሳይንስ» በሚል ስም ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ይሰጣል። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች የተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሢሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ባሳየ ጊዜ፥ ንባብ ከሁሉ እንዲቀድም ታሰበ፤ የሚገባም ነበር። ነገር ግን የቀኑ ሰዓት አይጨምርም። ንባብ ሲሰፋ ሌላው ይጠብባል። ብዙ ልጆች የያዘ መምህር ሳይንሱን ወደ ዓርብ ከቀትር በኋላ ቢገፋው የሚፈረድበት አይደለም። ስሕተቱ ያለው ሁለቱን ሁለት ሥራ አድርጎ በመቍጠሩ ላይ ነው።

በአብነት ትምህርት ቤት ያደገ ደቀ መዝሙር ይህን ነገር ከሁለት ወገን ያውቀዋል። በንባብ ቤት ሕፃኑ ከፊደል ተነሥቶ ወደ አቡጊዳ፥ ከዚያም ወደ መልእክተ ዮሐንስ፥ ወደ ወንጌልና ወደ ዳዊት ይሻገራል፤ ግእዙን፥ ውርድ ንባቡን፥ ቁም ንባቡን ይወጣል። የሚያነበው በግእዝ ቋንቋ ስለ ሆነ፥ ዳዊት ደግሞ እንኳ ትርጕሙን የማያውቅ ብዙ ነው። ይህን የሚነቅፉ አሉ፤ ነቀፋውም ፍጹም ሐሰት አይደለም። ሆኖም ያ ተማሪ ከዚያ በኋላ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት በዜማ፥ በቅኔና በትርጓሜ ቤት ይኖራልና ምሥጢሩ ቈይቶ ይደርስለታል። የመንደሩ ሕፃን ግን ይህን ያህል ጊዜ የለውም። ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ ከብት የሚጠብቅ ልጅ፥ ከስድስተኛ ክፍል ወጥታ ወደ ሰው ቤት ሥራ ወይም ወደ ዐረብ አገር የምትሄድ ልጅ፥ ትርጕሙን የሚያገኙበት ሌላ ቤት የላቸውም። ለእነርሱ ትርጕም ለነገ የሚቈይ ነገር ሊሆን አይችልም።

በሌላው ወገን ደግሞ ያው የአብነት ትምህርት ቤት ፍጥረትን በእጅ ሲያስተምር ኖሯል። ቀለም የሚበጠብጥ ተማሪ ጥላሸት በውሃ ውስጥ እንደ ጨው እንደማይሟሟ፥ ሙጫ ካልያዘው ወደ ታች እንደሚዘቅጥ፥ ከብራናው ላይም እንደሚረግፍ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ብራና የሚፍቅ ቆዳው ሲደርቅ ምን ያህል እንደሚሰበሰብ ያውቃል። ሰዓት መቍጠሪያ ባልነበረበት ዘመን የጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባበት ሰዓት የሚታወቀው ሰው ቆሞ የገዛ ጥላውን በገዛ ጫማው ሲለካ ነበር፤ የጫማው ቍጥር በየወሩ ስለሚለዋወጥም ሊቃውንት ለየወሩ ልኩን ጽፈው አኑረዋል። ይህ ሁሉ ሳይንስ ነው፤ የተጻፈም ነው፤ የሚነበብም ነው። የጎደለው ነገር ቢኖር ለፊደል ቈጣሪው ሕፃን ሳይሆን ለትልቁ ተማሪ ብቻ መሰጠቱ ነው።

እንግዲህ ትምህርቱ በተግባር እንዲህ ይሆናል። መምህሩ ከክፍሉ ፊት ባለው ደልዳላ ሜዳ ላይ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ያቆማል፤ ቀጥ ማለቱን በክር ላይ ድንጋይ አንጠልጥሎ ይመረምራል። ልጆቹ አስቀድመው ይገምታሉ፦ «ከአንድ ሰዓት በኋላ ጥላው ወዴት ይሄዳል? ይረዝማል ወይስ ያጥራል?» ግምታቸው በሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ይህ መጻፍ የትምህርቱ ግማሽ ነው። ልጁ የራሱ ቃል ተጽፎ ሲያይ ለማንበብ ይጣደፋል፤ ቃሉ እውነት ወይም ሐሰት ሆኖ እንደሚገኝም ያውቃልና እስኪወጣ ድረስ አይታገሥም። ከዚያ ወጥተው የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት ያደርጋሉ፤ በየሃያ ደቂቃው ይደጋግሙታል። ወደ ክፍል ተመልሰው ያዩትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጽፋሉ፤ በማግስቱ ያንኑ ያነባሉ። ወደ ፀሐይዋ ራስዋ እንዳይመለከቱ መምህሩ ደጋግሞ ሊያስጠነቅቅ ይገባዋል፤ ዐይን ይጐዳል።

ፊደሉም በዚሁ ውስጥ ይማራል። «ጥላ» የምትለው ቃል ሁለት ፊደል ናት፤ «ጥ» ሳድስ፥ «ላ» ራብዕ። ሳድሱ ወደ ግእዝ ቢለወጥ «ጠላ» ይሆናል፤ ራብዑ ወደ ሳድስ ቢለወጥ «ጥል» ይሆናል። የፊደል እግርና ቅጥያ ምን ያህል ነገር እንደሚለውጥ ለማስረዳት ከዚህ የሚሻል ምሳሌ ለማግኘት ያስቸግራል፤ ልጆቹም ጥላ ሊጽፉ ፈልገው ጠላ የጻፈውን ጓደኛቸውን እየሳቁ ስለሚያርሙት መምህሩ ይድናል።

ቀትርን በሚመለከት አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሰዓት መቍጠሪያ ስድስት ሰዓት ማለቱ ፀሐይ እኩለ ሰማይ ደረሰች ማለት አይደለም። ኢትዮጵያና ሳዑዲ ዐረቢያ በአንድ የሰዓት ልክ ይጠቀማሉ፤ ነገር ግን በታኅሣሥ አጋማሽ የፀሐይ ቀትር በባሕራ ከስድስት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፥ ወደ ምዕራብ ባለችው በጎንደር ስምንት ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ስለዚህ ልጆቹ ሰዓት አይተው አይወስኑም፤ ከጠጠሮቹ መካከል ለዘንጉ ከሁሉ የቀረበውን፥ ማለት አጭሩን ጥላ፥ ፈልገው ቀትር ይሉታል።

የባሕራ ነገር የተነሣበት ምክንያት ይህ ነው። ወደ ገዳማት ለመሳለም ከሚመጡ ምእመናን መካከል ልጃቸው ወይም እኅታቸው ቀይ ባሕርን ተሻግረው በዐረብ አገር ያሉባቸው ብዙዎች ናቸው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ መመለሳቸው የቍጥሩን ብዛት ያሳያል። በየመንደሩ ትምህርት ቤት እናታቸው በጅዳና በመካ አካባቢ የምትሠራ ሕፃናት ይገኛሉ፤ አያት ያሳድጋቸዋል። ለእነዚህ ሕፃናት ጽሕፈት የሚላክለት ሰው አለው። «እማዬ፥ ታኅሣሥ 12 ቀን በቀትር የዘንጋችን ጥላ 73 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ በአንቺ ዘንድስ ስንት ነው?» ብሎ የሚጽፍ ልጅ የመምህሩን ሥራ ለመፈጸም አይጽፍም፤ መልስ ለማግኘት ይጽፋል።

መልሱም ያስደንቀዋል። በዚያው ቀን በባሕራ የአንድ ሜትር ዘንግ ጥላ 99 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ማለት ጥላው ከዘንጉ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። አንድ ሕፃን በባሕራ ቆሞ ጥላውን ሌላው በጠመኔ ቢያሰምርለት፥ ከዚያም እግሩን በቆመበት ላይ አድርጎ ቢተኛበት፥ ልኩ ይሆናል። በጎንደር ቢተኛ ግን ጥላው ከደረቱ ላይ ያልቃል። በሰው ቤት የምትሠራ እናት በቀትር ወደ ሜዳ ለመውጣት ባይመቻት፥ በሰገነት ላይ ልብስ ስታሰጣ የመወልወያ ዘንግ ቀጥ አድርጋ ብታቆምና በስንዝር ብትለካው ይበቃል፤ የዘንጉንም ርዝመት በዚያው ስንዝር ለክታ ሁለቱን ቍጥር ትጽፋለች። መምህሩ ግን አስተዋይ መሆን አለበት። እናቱ የማትመልስለት፥ ወይም ያለችበት የማይታወቅ ልጅ በክፍሉ ውስጥ ይኖራልና፥ ደብዳቤው የአንድ ልጅ ብቻ ሳይሆን የክፍሉ ሁሉ ሆኖ ፈቃደኛ ለሆነ አንድ ሰው ቢላክ ይሻላል።

ከፍ ላሉት ክፍሎች ይኸው ቍጥር ሌላ ነገር ይወልዳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ኤራቶስቴንስ፥ በረዥሙ ቀን በቀትር በአስዋን ጥላ እንደማይኖር፥ በእስክንድርያ ግን እንደሚኖር አስተውሎ፥ ልዩነቱ ከክበብ ኀምሳኛ እጅ መሆኑን ለካ፤ የሁለቱንም ከተሞች ርቀት በኀምሳ አብዝቶ የምድርን ዙሪያ አገኘ። ባሕረ ሐሳብን እንደ ደረሰ በትውፊት የሚነገርለት ድሜጥሮስ በዚያችው በእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ የተቀመጠው አራት መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ ነው፤ የኤራቶስቴንስን ሥራ የባዕድ ነገር አድርጎ የሚሸሽ ተማሪ ቢኖር ይህን ያስብ። እንግዲህ ልጆቹ 10 ሳንቲ ሜትር ዘንግና 7.3 ሳንቲ ሜትር ጥላ በወረቀት ላይ ስለው ማዕዘኑን በፕሮትራክተር ቢለኩት 36 ዲግሪ ያገኛሉ፤ የባሕራው 45 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ልዩነቱ 9 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ ይኸውም ከሙሉው ክበብ አርባ አንደኛ እጅ ያህል ነው። ባሕራ ከጎንደር ወደ ሰሜን 975 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ይህ በ41 ቢበዛ አርባ ሺህ ኪሎ ሜትር ሊሞላ 25 ብቻ ይጎድለዋል። የምድር ዙሪያ እንደዚያ ነው። በእርግጥ የልጆች ልኬት እንዲህ አይጠራም፤ አንድ ዲግሪ ቢሳሳቱ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። ይህም ራሱ ሊነገራቸውና ሊጽፉት የሚገባ ነው።

ከጥላ ሌላ ብዙ ነገር ማድረግ ይቻላል። ባቄላ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በየቀኑ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ፤ ቀለም በጥብጦ በዚያው ቀለም ስለ ቀለሙ መጻፍ። ዘዴው አንድ ነው፤ መገመት፥ መጻፍ፥ ማየት፥ እንደገና መጻፍ፥ በማግስቱ ማንበብ። ገንዘብ አይጠይቅም።

በአጥቢያው ትምህርት ቤት መምህሩን ለመርዳት የሚሄድ ደቀ መዝሙር የሚፈተንበት ነገር ስብከት ነው። ፀሐይ ስትነሣ ስለ ብርሃን፥ ጥላ ሲያልፍ ስለ ዕድሜ ማለፍ የሚናገረው አያጣም፤ ሕፃናቱ ግን ጠጠሩን ሳያዩ ቀትር ያልፍባቸዋል። ሁለተኛው ፈተና መልሱን አስቀድሞ መንገር ነው። መምህሩን በልጆች ፊት ማረምም አይገባም፤ «በቀትር ጥላ አይኖርም» ብሎ ያስተማረ መምህር ቢኖር፥ ዘንጉን ራሱ እንዲተክለው መጋበዝ ይበቃል።

ለጎንደርና ለአካባቢው ቃሉ እውነት የሚሆንባቸው ቀኖች በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣሉ፤ በሚያዝያ 16 ቀን ገደማና በቡሔ ሰሞን። በቡሔ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ልጆቹ ከደጃቸው ይለኩታል። በዚያ ቀን ሰማዩ ከተዘጋ «ዛሬ ደመና ነበረ፤ ጥላ አልታየም» ብለው ይጽፋሉ፤ በማግስቱም ደግመው ይሞክራሉ።