የመበለቲቱ ዘይትና የጎረቤቶቿ ማድጋ

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 ከቁጥር 1 እስከ 7 የተጻፈውን ታሪክ ብዙዎቻችን በተአምሩ እናስታውሰዋለን። ከነቢያት ወገን የነበረ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ዕዳ ትቶ ሞተ፤ አበዳሪውም ሁለቱን ልጆቹን ባሮች አድርጎ ሊወስዳቸው መጣ። እናታቸው ወደ ኤልሳዕ ሄዳ በጮኸች ጊዜ ነቢዩ በቤቷ ምን እንዳላት ጠየቃት። ከጥቂት ዘይት በቀር ምንም እንደሌላት ብትነግረው፥ ባዶ ማድጋ ከጎረቤቶቿ እንድትዋስ አዘዛት። ዘይቱም የተዋሰችው ሁሉ እስኪሞላ ድረስ ፈሰሰ፤ ማድጋው ባለቀ ጊዜ ቆመ። እርስዋም ዘይቱን ሸጣ ዕዳዋን ከፈለች፤ በተረፈውም ከልጆቿ ጋር ኖረች።

በዚህ ታሪክ ልናስተውላቸው የሚገቡ 3 ነገሮች አሉ። መጀመሪያ፥ ነቢዩ ልጆቹን ከእናታቸው አልለያቸውም፤ ቤቱ ሳይፈርስ በዚያው እንዲያድጉ አደረገ። ሁለተኛ፥ መበለቲቱን እንደ ለማኝ አላያትም፤ በእጇ ካለው ነገር ጀምሮ፥ ሠርታና ሸጣ እንድትኖር መንገዱን አሳያት። ሦስተኛ፥ የበረከቱ ልክ የጎረቤቶቹ ማድጋ ልክ ሆነ። እግዚአብሔር ዘይት ለመስጠት የሚሳነው ሆኖ አይደለም፤ ነገር ግን ጎረቤት ያላዋሰው ማድጋ አልሞላም። ስለዚህ ችግረኛን መርዳት ለአንድ ባለጸጋ ብቻ የሚተው ሥራ ሳይሆን የሰፈሩ ሁሉ ዕዳ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ሐዋርያትም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፥ መበለቶች በየዕለቱ ከሚታደለው ምግብ ቸል በተባሉ ጊዜ ማጉረምረም ሆነ። ሐዋርያትም ነገሩን ሳያቃልሉ 7 ሰዎች አስመርጠው፥ እጃቸውን ጭነው ሾሙ፤ ከእነርሱም አንዱ ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። እንግዲህ የዲቁና አገልግሎት ከመበለቶች ማዕድ ጋር አብሮ የተጀመረ ነውና፥ በመቅደስ የሚያገለግል ሁሉ ይህን ሊዘነጋው አይገባም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ማድጋው እንዳለን እናያለን። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ በየደጃፉ ሲቆም፥ የማን ልጅ ነህ ሳይባል ቁራሽ ይሰጠው ነበር፤ የባላገሩም እንጀራ ሊቃውንትን አፈራ። እድሩ ቀብር ያስፈጽማል፥ ኀዘንተኛውን ያጽናናል፤ ሰንበቴውና ማኅበሩ ነዳያንን ያበላል። የሚጎድለው፥ ለቀብሩ ቀን የተሰበሰበው ሕዝብ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ለሕያዋኑ ልጆች ሳይሰበሰብ መቅረቱ ነው።

በተለይ ስለ ተዝካር አንድ ነገር እንናገር። ለሙታን መጸለይና መመጽወት የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ነው። ነገር ግን መበለቲቱ ሰው እንዳይታዘባት ብላ ለድግስ በሬዋን ብትሸጥ ወይም ብትበደር፥ ልጆቿም በመጪው ክረምት የሚያርሱበትን ቢያጡ፥ ይህ ለሟቹ ነፍስ ምን ይረባታል? አበዳሪውን ወደ ደጃፏ የጠራነው እኛው አንሆንምን? ጌታችን ጸሎት በማስረዘም እያመካኙ የመበለቶችን ቤት የሚበሉትን ጻፎች እንዴት እንደ ገሠጻቸው እናውቃለን። ስለዚህ የንስሐ አባት የሆነ ካህን አስቀድሞ ይምከራት፤ ፍትሐቱና ቅዳሴው ይደረግ፥ ለድግስ የታሰበው ግን ለሟቹ ልጆች ማሳደጊያ ይሁን። ከእነርሱ የሚቀርብ ነዳይ ወዴት ይገኛል?

ምግብም ብቻውን አይበቃም። ወላጆቿ የሞቱባት ልጅ ብዙ ጊዜ ወይ በሰው ቤት ስታገለግል ትቀራለች፥ ወይ ያለ ዕድሜዋ ትዳራለች። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመት መሙላትን ወስኗልና፥ ካህን ከዚህ በታች ያለችውን ልጅ ለማጋባት ሲጠራ እምቢ ሊል፥ ወደ ትምህርት ቤት እንድትመለስም ሊማልድላት ይገባዋል። ሴት ለትምህርት አትሆንም የሚል ቢኖር፥ በጎጃም ዓይነ ስውር ሆነው ሳሉ ቅኔ ያስተማሩትን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ያስብ።

ወይዘሮ አበበች ጎበናም በልጅነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ተድረው፥ አምልጠው ወደ አዲስ አበባ የመጡ ነበሩ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም በሄዱ ጊዜ በወሎ በረኃብ የተጎዱትን አይተው፥ ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ሊሳለሙ ሄደው እናት ሆነው መጡ። ከቤታቸውና ከዘመዶቻቸው ተቃውሞ ቢደርስባቸውም አልተዉአቸውም። ከዚያ የተነሣው ድርጅት ወላጅ የሌላቸውን ከማሳደግ አልፎ ልጆችን የሚያስተምር፥ እናቶችንም በሥራ የሚደግፍ ሆነ። እርሳቸውም በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሥራቸው ግን ይመሰክራል።

እንግዲህ፥ ምእመናን ሆይ፥ ከየአጥቢያችን እንጀምር። ሰው በሞተ በ40ኛው ቀን የሰበካው ሽማግሌዎችና የንስሐ አባት ወደ ቤቱ ገብተው፥ ኤልሳዕ እንደ ጠየቀ በቤት ያለውን ይጠይቁ። የልጆቹ መሬትና ከብት በምስክር ፊት ተጽፎ ይጠበቅ። ሰንበቴው ለአንዱ ልጅ ደብተርና ልብስ፥ ለእናቲቱም መቋቋሚያ ይመድብ። ከዘመድ አንዱ ልጆቹን ቢወስድ፥ እንደ ልጅ ማደጋቸውንና መማራቸውን ጎረቤት ይከታተል።

ዘይቱ የእግዚአብሔር ነው፤ ከእኛ የሚጠበቀው ማድጋ ማዋስ ነው። የመበለቶች ዳኛ፥ የሙት ልጆችም አባት የሆነው አምላካችን ለዚህ ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።