የራስ ደጀን ተራራ አቀማመጥ ፥ አየርና አፈር

በደጋ አገር ላይ የተሾመ ሰው የሚያስተዳድረውን መሬት ከፍታና ዝቅታ ፥ ዝናብና ውርጭ ፥ አለትና አፈር ለይቶ ካላወቀ ለገበሬው የሚሰጠው ምክር ከግምት አያልፍም። አንዱ መንደር ስንዴ ሲያጭድ የግማሽ ቀን መንገድ ወደ ላይ ርቆ ያለው ሌላው መንደር ገብስ ብቻ የሚዘራው በመሬቱ ጠባይ እንጂ በገበሬው ስንፍና አይደለም። ለዚህም ከራስ ደጀን ተራራ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ስለማይገኝ የተራራው ነገር ከዚህ በታች በየክፍሉ ይገለጻል።

1ኛ። አቀማመጡ

ራስ ደጀን ከጎንደር ከተማ በሰሜን ምሥራቅ ፥ በስሜን አገር የሚገኝ ሲሆን ከኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ በከፍታ ይበልጣል። በቀድሞ ካርታዎች 4620 ሜትር ተብሎ ተጽፎ ነበር ፤ ኋላ የተደረገው ልክ ግን ወደ 4550 ሜትር ዝቅ አድርጎታል። ተራራው ብቻውን የቆመ አይደለም ፤ በምዕራቡ በኩል ከ4400 ሜትር የሚያልፈው ቧሂት ይገኛል። በሁለቱ መካከል የመሸሃ ወንዝ ሸለቆ ስላለ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር የሚሻ መንገደኛ መጀመሪያ 2800 ሜትር ያህል ወደሚሆነው የወንዝ ዳር መውረድ ፥ ከዚያም እንደገና መውጣት ግድ ይሆንበታል። በሰሜን በኩል ደግሞ መሬቱ በድንገት ተቆርጦ በብዙ ስፍራ ከ1000 ሜትር በሚበልጥ ገደል ወደ ቆላው ይወርዳል። የተከዜ ወንዝ አገሩን በምሥራቅና በሰሜን ከቦ ካለፈ በኋላ በሱዳን ከአትባራ ጋራ ተገናኝቶ ወደ ዓባይ ይገባል።

2ኛ። የአለቱ አፈጣጠር

ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በምድር ውስጥ የቀለጠ ድንጋይ በስንጥቅ እየወጣ የሰሜን ኢትዮጵያን ሰፊ ክፍል አለበሰው። አንዱ ፈሳሽ ሲበርድ ሌላው በላዩ እየፈሰሰ ባዛልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ እንደ እንጀራ ተነባበረ ፤ ይህንንም ንብብር ዛሬ በገደሉ ፊት ላይ በዓይን መቁጠር ይቻላል። በስሜን በዚሁ ንብብር ላይ እሳተ ገሞራ ተነሥቶ እንደ ጋሻ የተንጣለለ ታላቅ ተራራ ሠራ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሥራውን የተረከበው ውሃ ነው። ወንዞቹ ለስላሳውን ንጣፍ እየቦረቦሩ ጠንካራውን ስለተዉት ፥ ዛሬ የሚታዩት ጫፎችና አምባዎች ከአካባቢያቸው ተነጥለው ያደጉ ሳይሆኑ ዙሪያቸው ተበልቶ የቀሩ ናቸው። በጥንቱ የብርድ ዘመን በራስ ደጀንና በቧሂት አናት ላይ ግግር በረዶ እንደ ነበረ ፥ በረዶው ፈልፍሏቸው የሄዱት ጎድጓዳ ስፍራዎችና ገፍቶ የከመራቸው ድንጋዮች ይመሰክራሉ።

3ኛ። አየሩና ዝናቡ

ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት በሚበልጥ መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ከተከዜ ቆላ ተነሥቶ ወደ ተራራው የሚወጣ ሰው ቆላን ፥ ወይና ደጋን ፥ ደጋንና ውርጭን በጥቂት ቀን ጉዞ ውስጥ ያገኛል። የስሜን ብርድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው ፤ ኮስማስ የሚባለው ነጋዴ በ6ኛው ምዕት ዓመት በአዱሊስ የገለበጠው የድንጋይ ጽሕፈት በስሜን ተራሮች ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንዳለ ይናገራል። ዛሬም በአናቱ ላይ አንዳንድ ጊዜ አመዳይ ይወርዳል ፥ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ አይቆይም።

በተራራው ከፍተኛ ስፍራ በዓመት 1500 ሚሊሜትር ያህል ዝናብ ይዘንባል ፤ የሚበዛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የሚወርድ ነው። በበጋ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ቀን ፀሐይ ያቃጥላል ፥ ሌሊት ውርጭ ይመታል። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ስለሚከብድ ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ጎድጓዳ ስፍራ ይወርዳል ፤ በዚህም ምክንያት ተዳፋቱ ላይ ያለው ገብስ ድኖ ረባዳው ላይ ያለው ሊመታ ይችላል።

4ኛ። አፈሩና አዝመራው

ከ3000 ሜትር በላይ ያለው አፈር ጥቁርና ቀላል ፥ ውሃ መጥጦ የሚይዝ መልካም አፈር ነው። ነገር ግን በጠንካራ አለት ላይ እንደ ልብስ የተደረበ ስለ ሆነ አንድ ጊዜ ከታጠበ በሰው ዕድሜ አይመለስም። ከስንዴ ወሰን በላይ የሚቀረው ገብስ ነው ፤ እርሱም በከፍተኛው ስፍራ ለመድረስ ብዙ ወራት ይፈጅበታል። ከዚያ በላይ ያለው የአስታ ፥ የጓሳና የጅብራ አገር ነው። ይህ ስፍራ ለእርሻ ባይሆንም የዝናቡን ውሃ ይዞ ቀስ በቀስ ለምንጮች የሚሰጥ ስለ ሆነ ጠፍ መሬት ሊባል አይገባውም።

ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው በክረምቱ መግቢያ ነው። ገበሬው ተዳፋቱን አርሶ አለስልሶ ዘሩ ገና አፈሩን ሳይሸፍነው ኃይለኛው ዝናብ ይደርሳል ፤ ጎርፉም ድካሙን ይዞ ይሄዳል። በደቡብና በምሥራቅ ከሚወርዱት ወንዞች ጋራ የሚሄደው አፈር ፥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2009 ዓ. ም. ወደ ተመረቀውና ቁመቱ 188 ሜትር ወደሆነው የተከዜ ግድብ ያመራል። ስለዚህ ጉዳቱ ሁለት ነው ፤ በላይ ማሳው ይራቆታል ፥ በታች ግድቡ ደለል ይሞላዋል።

ያለ ልክ ማረስና ማጋጥ የዱሩንም ሀብት ይጎዳል። ዋልያ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ በዱር የሚኖርበት ሌላ አገር የለም። የስሜን ተራሮች ፓርክ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1978 ዓ. ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ በ1996 ዓ. ም. አደጋ ካሰጋቸው ቅርሶች መካከል ተቆጠረ ፤ ከዚያም መዝገብ የወጣው በ2017 ዓ. ም. ነው።

5ኛ። ለአስተዳዳሪዎች የሚገባ ጥንቃቄ

ደጋ አገር የሚያስተዳድር ሹም እነዚህን ነገሮች ሊያስብባቸው ይገባል። እጅግ ቀጥ ያለው ተዳፋት ለሣርና ለዛፍ ቢተው ከእርሻው ይልቅ ይጠቅማል። የሚታረሰው ተዳፋት ትልሙ ወደ ታች ሳይሆን አግድም ይሁን ፤ እርከኑና የጎርፍ መቀልበሻው ቦይ ከሰኔ በፊት ይጠገን። በረባዳ ስፍራ ቶሎ የሚደርስ የገብስ ዘር ይመረጥ። ከሁሉም በላይ ፥ ተዳፋቱን የሚያርሰው ገበሬ ይህን የሚያደርገው ሌላ መሬት በማጣቱ መሆኑ አይዘንጋ። መሬቱን ተው የሚል ትእዛዝ ብቻውን ማሳውን አያድነውም ፤ ገበሬው ማሳውን ሲተው ልጆቹ የሚበሉት አስቀድሞ ሊታሰብለት ያስፈልጋል። የተራራው አፈር የሚጠበቀው በተራራው ላይ በሚኖረው ሰው እጅ ነውና።