ስለ ዕለታዊ ጉዳያችን እንዴት እንጸልይ?



ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ በአውቶቡስ ስጓዝ፣ ሐይቅን አልፈን ወደ ውጫሌ ስንቃረብ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት የትምህርተ ክርስቶስ መምህር መሆኔን ከተረዱ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ስለ በሬ መጸለይ ነውር ይሆን?» ሲሉ ጠየቁኝ። ያላቸው በሬ አንድ ብቻ ነው፤ ልጃቸው ከጎረቤት በሬ ጋር በመቀናጆ ያርስበታል። ያ በሬ ታሞ መነሣት ካቃተው ሦስተኛ ቀኑ ነበር። የበልጉ ዝናብ ብዙ ከተጠበቀ በኋላ ጥሎ መሬቱ ርሷል። የእርሳቸው እርሻ ብቻ ሳይሆን የጎረቤታቸውም እርሻ በዚያ በሬ ምክንያት ቆሟል።

እኔም ወዲያውኑ፣ «እማማ፣ ክርስቲያን ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው መንግሥተ ሰማያትን ነው» ብዬ መለስሁላቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «እሱንማ እሻለሁ። ግን አባታችን ሆይ ብዬ ስጀምር ዓይኔ ላይ የሚመጣው በሬው ነው፤ ጸሎቴን የሚያበላሽብኝ እየመሰለኝ ነው» አሉኝ። ውጫሌ ሲደርሱ መርቀውኝ ወረዱ። መልሴ ከወንጌል የተወሰደ ቢሆንም የጥያቄያቸው መልስ እንዳልነበረ የገባኝ አውቶቡሱ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው።

ምክንያቱም መንግሥቱን አስቀድመን እንድንሻ ያስተማረን ጌታ፣ በዚያው ምዕራፍ የዕለት እንጀራችንን ከአብ እንድንለምን አዞናል (ማቴ. 6፡11)። ለአምባሰል ገበሬ ደግሞ የዕለት እንጀራ ማለት ዘር ነው፣ ዝናብ ነው፣ ቀንበር የሚሸከም በሬ ነው። እንጀራውን ለምኖ በሬውን ማፈር ምን ዓይነት ልመና ነው? ጌታ ስለ መብልና ስለ ልብስ አትጨነቁ ሲል እነዚህ ነገሮች አያስፈልጉም አላለም፤ እንደሚያስፈልጉን የሰማዩ አባታችን ያውቃል ነው ያለው (ማቴ. 6፡32)። ሐዋርያው ጳውሎስም ለፊልጵስዩስ ምእመናን ጭንቀታቸውን በጸሎትና በምስጋና ለእግዚአብሔር እንዲያስታውቁ ሲጽፍ፣ ይህ ለጸሎት የሚበቃ ነው፣ ያኛው አይበቃም ብሎ አልለየም (ፊልጵ. 4፡6)።

የቤተ ክርስቲያን መምህራንም በዚህ ነገር ተመራምረዋል። ቅዱስ አውጎስጢኖስ ፕሮባ ለተባለች ሮማዊት መበለት ስለ ጸሎት በጻፈላት ረጅም መልእክት፣ ለኑሮ የሚበቃውን ያህል መመኘት ተገቢ እንደ ሆነ፣ መመኘቱ ተገቢ የሆነውንም መለመን ተገቢ እንደ ሆነ ያስረዳል። ቅዱስ ቶማስ አኵዊናስም ይህንኑ ተቀብሎ፣ ምድራዊውን ነገር የመጨረሻ ግባችን ሳናደርገው፣ ወደ እግዚአብሔር ለምናደርገው ጉዞ እንደ ስንቅ አድርገን ልንለምነው እንደምንችል አስተምሯል። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ማንኛውም የሚያስፈልገን ነገር የልመና ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል (ቁ. 2633)።

ነገር ግን ወደ ሩቅ ሀገር መጻሕፍት ከመሄዳችን በፊት የገዛ ቅዳሴያችንን ብናዳምጥ ይበቃን ነበር። በግዕዝ ሥርዓታችን ካህኑ በመስተብቁዕ ስለ ሕሙማን፣ ስለ መንገደኞች፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ወንዞች ውኃ፣ ስለ ምድር ፍሬ ይለምናል። አባቶቻችን ዝናቡንና መንገደኛውን ወደ መቅደስ ሲያስገቡ አላፈሩም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በተጻፈው በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ላይ እንኳ አባታችን ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሮ ይገኛል። በብዙ አድባራትም የርስቱና የውሉ ጽሑፍ በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር፤ የቤት ጉዳይ ከቅዱስ ቃሉ ጎን መቀመጡን እንደ ድፍረት የቆጠረው አልነበረም። እስላም ጎረቤቶቻችንም ቢሆኑ በወሎ ቡና ተፈልቶ ዱዓ በሚደረግበት ጊዜ የታመመውን ልጅ፣ ዓረብ ሀገር የሄደችውን እኅት፣ የጠፋችውን ላም በየስሟ እያነሡ «አሚን» ይላሉ። እኛ ግን አንዳንድ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ከፍ ያለውን ቃል ተናግረን፣ የልባችንን ጭንቀት ከደጀ ሰላሙ ውጭ ትተነው እንገባለን፤ ስንወጣም እዚያው ቆሞ ይጠብቀናል።

ውጫሌ ሲባል የማንኛችንም ሐሳብ ወደ ውሉ መሄዱ አይቀርም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ ስፍራ በአፄ ምኒልክና በኢጣልያው ተወካይ በኮንት አንቶኔሊ መካከል የተፈረመው ውል በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም ይችላሉ ሲል፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘ። የዚያ የአንድ ግሥ ልዩነት መጨረሻው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የፈሰሰው ደም ነው። ይህን ያነሣሁት ታሪክ ለማስተማር አይደለም። የብዙዎቻችን ጸሎት እንዲሁ ሁለት ጽሑፍ ስላለው ነው። በአንደበታችን «ፈቃድህ ይሁን» እንላለን፤ በልባችን ግን «በሬው ይነሣ፣ አለዚያ ተጣላን» የሚል ሌላ ጽሑፍ ተቀምጧል። እግዚአብሔር ሁለቱንም ያነባል። እኛ ግን የልባችንን ጽሑፍ አውጥተን በፊቱ ካላነበብነው ሊያርምልን የምንሰጠው ነገር አይኖረንም።

እንዴት እንደሚነበብ ከእመቤታችን መማር እንችላለን። ጥር 12 ቀን በምናከብረው በቃና ዘገሊላ በዓል የምንሰማው ወንጌል የሰርግ ቤት ጭንቀት ነው (ዮሐ. 2፡1-11)። ድግስ ደግሶ መጠጥ ያለቀበት ሰው ምን ያህል እንደሚያፍር በሀገራችን ለማንም ማስረዳት አያሻም። እመቤታችን ግን ጉዳዩን ትንሽ ነው ብላ አልናቀችውም፤ ልጇንም እንዲህ አድርግ ብላ አላዘዘችውም። የጎደለውን በአጭር ቃል ነገረችው፤ አገልጋዮቹንም የሚላቸውን እንዲያደርጉ ነግራ ዝም አለች። ጌታችንም በጌተሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት የሚፈልገውን አልሸሸገም፤ ከተናገረ በኋላ ነው ፈቃዱን ለአብ የሰጠው (ሉቃ. 22፡42)። ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል። ሳይናገሩ «ፈቃድህ ይሁን» ማለት አንዳንድ ጊዜ መታመን ሳይሆን ተስፋ መቁረጥ ነው።

ጸሎት የእንስሳት ሐኪሙን አያስቀርም። መጽሐፈ ሲራክ የታመመ ሰው እንዲጸልይ፣ ለሐኪሙም ስፍራ እንዲሰጥ በአንድነት ይመክራል (ሲራ. 38፡9-12)። ስለ ልጁ ትኩሳት እየጸለየ ጤና ጣቢያ የማይወስድ አባት ጸሎቱን ግማሽ ላይ አቁሞታል።

በዚህ ረገድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንን አጥብቄ የምለምነው አንድ ነገር አለ። የተለመነው ሳይሆን ሲቀር «እምነት ጎድሎህ ነው» አትበሉ። በወሎ ምድር በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ያለቁት ሰዎች ሳይጸልዩ የቀሩ አልነበሩም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚሁ በወልድያና በደሴ መንገድ ሲያልፍ ልጆቻቸውን ያጡ እናቶችም ሌሊቱን በጸሎት ያሳለፉ ናቸው። ጽዋው ለጌታችንም አላለፈለትም፤ በጌተሴማኒ እምነት ጎደለው የሚል ግን የለም። ከሐዘንተኛ ጋር ተቀምጦ መዝሙረ ዳዊትን አብሮ መድገም ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ መልካም አድርገው ነበር፤ የተሳሳቱት መናገር ሲጀምሩ ነው።

በየቤቱ ለጉብኝት ስትሄዱ ጸሎት ከመጀመራችሁ በፊት «ዛሬ ያሳሰባችሁ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የተነገራችሁንም በስሙ ጥሩት። እሑድም በምእመናን ጸሎት ላይ የዓለም ሰላም ብቻ ሳይሆን የቀበሌው ዝናብ፣ የተማሪዎቹ ፈተና፣ ወደ ዓረብ ሀገር የተጓዙት ልጆች ይታወሱ። በምሥጢር የተነገረንን የሰው ገመና ግን በጸሎት ስም ጉባኤ ላይ ማውጣት አይገባንም፤ ባለቤቱን አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

እኒያን እናት ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም፤ በሬው ይነሣ አይነሣ አላወቅሁም። በዚያው ሳምንት እሑድ ግን በቁምስናችን፣ ውጫሌ አካባቢ በአንዲት መበለት ቤት ስለ ታመመ አንድ በሬና በእርሱ ምክንያት እርሻቸው ስለ ቆመባቸው ሁለት ቤተሰቦች እንድንጸልይ ጠየቅሁ። ከወጣቶቹ መካከል ፈገግ ያሉ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ግን አንገታቸውን ደፍተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አሜን» አሉ።